ክንፍ ላለው ልጅ መንደርደሪያ የነፈጉት እነማን ናቸው?

የኳስ ነገር ሲነሳ እኛ አገር አሠልጣኝ ያልሆነ ሰው የለም። የታክሲው ረዳት አሠልጣኝ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ አሠልጣኝ ነው፤ ክቡር ሚኒስትሩም ቢሆኑ ከስብሰባ ሲወጡ አሠልጣኝ ናቸው። ብሔራዊ ቡድናችን ተሸንፎ በመጣ ቁጥር ታዲያ ከሁሉም አፍ የምትወጣው ነገር አንድ ናት። «ክንፍ የለንም! መስመር ይዞ ተከላካይ አታሎ የሚያልፍ ሰው የለንም!» እሺ፣ የለንም እንበል። ለመሆኑ የክንፍ ተጫዋች ከየት ነው የሚመጣው? እንደ እርዳታ ስንዴ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራግፎ አይመጣ!

መልሱን ስታዲየም አካባቢ ካሉት ቢሮዎች አታገኙትም። ወደ ዳር ውጡ። ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ገላን። አዲስ አበባን እንደ መቀነት የከበቡት እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም «ሸገር ከተማ» ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ማኅተሙና ታፔላው ተለወጠ እንጂ ልጁ ያው ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ኳስ ፍለጋ ይወጣል። ችግሩ ኳሱን ሲያገኝ ሜዳውን ማጣቱ ነው።

የክንፍ ተጫዋች ነገር ከሌላው ይለያል። በረኛ በ30 ዓመቱም ይበስላል። የመሐል ተከላካይ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር እግሩ ቢከዳው እንኳ አንጎሉ ይሠራለታል። ክንፍ ግን ከሰው ቀድሞ ይመጣል፣ ከሰው ቀድሞም ይሄዳል። ያለችው ፍጥነቱ ናት፤ ከፍጥነቱ ጋር ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ገጥሞ የማለፍ ድፍረት። ይህቺ ድፍረት በ12፣ በ13፣ በ14 ዓመት ሺህ ጊዜ ተሞክራ፣ ዘጠኝ መቶ ጊዜ ከሽፋ ነው የምትገኘው። በ22 ዓመቱ ክለብ ገብቶ እንደ አዲስ የሚማራት ልጅ የለም።

ፍጥነት የለንም የሚል ካለ ደግሞ አንድ ቀን በማለዳ ተነስቶ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ይውረድ። የዓለም ሻምፒዮኖች ጤዛውን እየረገጡ የሚሮጡበት አገር ነው። ቀነኒሳ በቀለ ትራክ ያነጠፈው እዚያ ነው። ያያ መንደር ብሎ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ድረስ ሯጭ የሚመጣው ወደዚያው ነው። እግሩ አለ፣ ሳንባው አለ፣ ከፍታው አለ። ሯጭ ለመሆን ታዲያ አንድ ልጅ መንገዱና ጫማው ይበቃዋል፤ ብቻውን ሮጦ፣ ብቻውን ጎብዞ፣ ብቻውን ይወጣል። ሰዓቱ ይመሰክርለታል፣ ሰዓት ደግሞ ጉቦ አይበላም፣ ዘመድ አያውቅም። የክንፍ ተጫዋች ግን ብቻውን አይሠራም። ኳስ የሚሰጠው አማካይ፣ የሚገጥመው ተከላካይ፣ የሚያየው አሠልጣኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማይቀር ውድድር ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ስፋት ይፈልጋል። ሙሉ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው። ኮብልስቶን ላይ በሁለት ድንጋይ መሐል የሚጫወት ልጅ ኳስ መቆጣጠርን ይማር ይሆናል፤ ኳስ እየገፉ 30 ሜትር መብረርን ግን የት ይማር?

ሐቅ ለመናገር በአዲስ አበባ በየሠፈሩ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ትንንሽ ሜዳዎች ተሠርተዋል፤ ጥሩ ነው፣ አይከፋም። ለአምስት ለአምስት ሆነው ለሚጫወቱ ልጆች ከምንም ይሻላል። ግን እዚያ ላይ መስመር የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት እርምጃ ስትሄድ አጥር ነው። ትልቁ ጃን ሜዳ ራሱ ምን እንዳየ እናስታውሳለን። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ተነቅሎ ጃን ሜዳ ላይ ተተከለ። የ2013 ጥምቀት እስኪቃረብ ድረስ ሽንኩርትና ጎመን ነግሦበት ከረመ። ወረርሽኝ ነውና ይሁን። ግን ሁልጊዜ «ትርፍ ቦታ» ሲፈለግ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ኳስ ሜዳ ላይ መሆኑ አይገርምም?

በዙሪያው ከተሞች ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። መሬት እዚያ ወርቅ ነው። «ማስተር ፕላን» የተባለው ነገር በ2006 እና በ2008 ዓ.ም ስንት ወጣት እንዳስበላ የረሳ የለም። ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ ተባለ። የመሬቱ ረሃብ ግን አልተሰረዘም። መጋዘኑ መጣ፣ አበባ እርሻው መጣ፣ ኮንዶሚኒየሙ መጣ፣ የፋብሪካው አጥር መጣ። ገበሬው ሲነሳ ትንሽም ብትሆን ካሳ ተሰላችለት። ልጆች የሚራገጡበት የግጦሽ ሜዳ ግን ባለ ይዞታ የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ስለዚህ ካሳ የጠየቀለትም የለም። ፋይል ሳይከፈትለት ፋይሉ የተዘጋ ንብረት ቢኖር እሱ ነው። ባቡሩ እንኳ ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ ባሕር ድረስ የሚወርድበት ሐዲድ ተዘርግቶለታል፤ መስከረም 2009 ተመርቋል። የሰበታው ልጅ ግን ሙሉ ሜዳ ለማግኘት ታክሲ ይዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ እሱም ካገኘ።

የደርግ ናፋቂ እንዳልባል እንጂ አንድ ነገር ልናገር። የድሮዎቹ ፋብሪካዎች ኳስ ነበራቸው። ሙገር ሲሚንቶ፣ ሜታ ቢራ፣ ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር፣ ድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር እያልን እንቁጠር። ፋብሪካው የሠራተኛውን ልጅ ያውቀዋል፤ ልጁ ጥሩ ከመታ ቡድኑ ውስጥ ያስገባዋል፤ ኳሱ ካልሆነለት እንኳ ሥራ አያጣም። ሳላዲን ሰኢድን ያስታውሱ። በሙገር ሲሚንቶ ማሊያ ታይቶ ነው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሄደው። ከዚያ በ2011 እ.ኤ.አ የግብፁ ዋዲ ደግላ ወሰደው፣ በ2014 እ.ኤ.አ አል አህሊ ገባ። በጥር 2005 ዓ.ም፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ስንገባ የፊት መስመራችን እሱ ነበር። ሙገር ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፤ የሱሉልታ ልጅ «የኛው ሰፈር ቡድን» ቢለው ማንም አይከሰውም።

ሜታስ? ሰበታ ላይ ያለውን ፋብሪካ መንግሥት በጥር 2004 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ሸጠው። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ቢጂአይ ገዛው። ፋብሪካው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በሊጉ ሜዳ የሜታን ማሊያ ካየን ዓመታት አለፉ። ዛሬ ከዓለም ገና እስከ ገላን የተደረደረውን ፋብሪካ ቁጠሩት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ ሳሙና፣ ፕላስቲክ፣ ምን የሌለ አለ? ከእነዚህ ውስጥ ለአካባቢው ታዳጊ ማሊያ ያለበሰውን ፈልጋችሁ ቁጠሩልኝ። ባለሀብቱን ብቻ አልወቅስም። መሬቱን በሊዝ ሲያስፈርመው፣ የግብር እፎይታውን ሲሰጠው «ለወጣቱ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ባለሥልጣን ከሌለ እሱ ምን ቸገረው!

«ክለብ አለን እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ሰበታ ከተማ በ2012 የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ነበር። ከተማው ሁሉ ደስ አለው፤ ደስ ቢለውም ይገባዋል። ቡድኑን የያዘው ውበቱ አባተ ነበር። ውበቱ በ2013 መጀመሪያ ብሔራዊ ቡድኑን ያዘ። ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጥን የነበረው አብርሃም መብራቱ ደግሞ ሰበታ ገባ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የተከበሩ አሠልጣኞች ናቸው፤ እነሱን ለመንካት አይደለም። የምለው አንድ የከተማ አስተዳደር ክለብ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ለመቅጠር አቅም ነበረው ማለት ነው። ታዲያ ከታች ምን ተሠራ? ሰበታ በ2014 መጨረሻ ወረደ። በ2015 ለገጣፎ ለገዳዲ ገባ፣ በዚያው ዓመት ተመልሶ ወረደ።

መውጣትና መውረድ የኳስ ወግ ነው፤ በዚያ አልከራከርም። የማነሳው ሌላ ነው። ከ2013 ወዲህ ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች በዙር ሆኑ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ እያለ ዞረ። የሰበታ ልጅ የሰበታን ቡድን በ2013 እና በ2014 ያየው በቴሌቪዥን ነው፤ ዲሽ ያለው ጎረቤት ካለው። የገዛ ከተማው የክንፍ ተጫዋች መስመሩ ላይ ሲሮጥ፣ ላቡን ሲጠርግ በቅርብ አላየም። ልጅ የሚማረው በማየት ነው ወይስ በሰርኩላር?

ገንዘቡን ደግሞ እንመልከተው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ የከተማ አስተዳደር ነው፣ ባንክ ነው፣ ሠራዊት ነው። ማለትም በእኔና በእናንተ ግብር። በ2011 ክረምት የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣሪያው ሲቆም በመስኮት ስለሚገባው ገንዘብ የምንሰማው ብዙ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው። ለታዳጊው የሚሆን ወለል ግን ማን ወሰነለት? ክለቡ ከበጀቱ ይህን ያህሉን ከ17 ዓመት በታች ላሉት ያውል ያለ የለም። አሠልጣኙ የሚቀጠረው ለአንድ ዓመት ነው። ከወረደ ይባረራል። እንዲህ ያለ ሰው የ18 ዓመት የክንፍ ተጫዋች አስገብቶ ሦስት ኳስ እስኪያበላሽ ይታገሣል? አይታገሥም። የ29 ዓመቱን፣ የታወቀውን፣ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው በየክረምቱ የሚዘዋወረውን ያስፈርማል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ያንኑ ነው።

ሌላው ጉድ የዕድሜ ነገር ነው። ይህን ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል። «የኛ አገር ልጅ ለስድስት ዓመት 17 ዓመቱ ነው» ይባልና ይሳቃል። የሚያስለቅስ እንጂ የሚያሳቅ አልነበረም። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው ወዶ አይደለም። ግን በዕድሜ ማጭበርበር መጀመሪያ የሚሞተው የትኛው ተጫዋች ይመስላችኋል? ክንፉ ነው! እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ያለችው ፍጥነቱ ብቻ ናት። «ከ17 በታች» በተባለው ውድድር ላይ ፂሙን ተላጭቶ የመጣ የ21 ዓመት ጎረምሳ በተከላካይ ቦታ ይቆምበታል። አንድ ጊዜ ይገፋዋል፣ ሁለተኛ ይረግጠዋል፣ ሦስተኛ ልጁ ኳስ ሲመጣለት ወደ ኋላ መስጠት ይጀምራል። በቃ! ድፍረቷ እዚያ ላይ ሞተች። ከዓመታት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ሆነን «ምነው ይሄ ልጅ ሰው አይገጥምም?» እንላለን።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፤ ገንዘብ እንኳ የማይጠይቅ ነገር ስለሆነ። የፊፋ ሕግ አንድ ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ ከአገር አገር በገንዘብ ሲዘዋወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈል ይላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ድርሻ 5 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ። ሒሳቡን በቡራዩ እንሥራው። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ቡድን ሰለጠነ እንበል። ከዓመታት በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ የውጭ ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ተሸጠ። ተከፋፋዩ 50 ሺህ ዶላር ነው። የቡራዩ ቡድን የአራቱ ዓመት ድርሻ 10 ሺህ ዶላር ይሆናል። ኳስ፣ ማሊያ፣ የሜዳ ኪራይ፣ የአሠልጣኝ አበል ለስንት ዓመት እንደሚሸፍን አስሉት። ልጁ እንደገና ሲሸጥ እንደገና ይመጣል።

ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ልጁ በዚያ ዕድሜው በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ በዚያ ክለብ ስም መስፈር አለበት። የኛ ልጆች የሚያድጉት «ፕሮጀክት» በሚባል ነገር ውስጥ ነው። አንድ ደግ ሰው፣ ብዙ ጊዜ የቀድሞ ተጫዋች፣ ከኪሱ ኳስ ገዝቶ ሰባና ሰማንያ ልጅ ይሰበስባል። አሰግድ ተስፋዬ ጫማ ከሰቀለ በኋላ በ2009 ዓ.ም በድንገት እስኪያርፍ ድረስ ከታዳጊዎች ጋር ነበር። የእሱን ዓይነት ሰዎች በየከተማው አሉ። ሥራቸው ትልቅ ነው፤ ቡድናቸው ግን እንደ ክለብ ያልተመዘገበ ከሆነ በፊፋ ፊት እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ልጁ ትልቅ ቡድን ሲገባ «የመጀመሪያ ክለብ» ተብሎ የሚጻፈው ያስፈረመው ነው። ላሳደገው ሰው አንዲት የምስጋና ደብዳቤ እንኳ አትደርሰውም። ዕድሜው ተቀይሮ ከተመዘገበ ደግሞ ያው ነው፤ ዓመታቱ አብረው ይጠፋሉ።

ሴኔጋሎች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። ሳዲዮ ማኔ ባምባሊ ከምትባል የደቡብ ሴኔጋል መንደር የወጣ የክንፍ ተጫዋች ነው። ዳካር መጥቶ ዤኔራሲዮን ፉት በተባለው አካዳሚ ታቀፈ፤ አካዳሚው ከፈረንሳዩ ሜትስ ጋር ከ2003 እ.ኤ.አ ጀምሮ ስምምነት ነበረው። ማኔ በ19 ዓመቱ ሜትስ ነበር። ከዚያ ሳልዝበርግ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ሊቨርፑል፣ ባየርን እያለ ሄደ። አንድ ልጅ ወጣ፣ መንገዱ ግን ለሌሎቹም ክፍት ሆኖ ቀረ። ልዩነታችን ይህቺ መንገድ ናት። የሴኔጋል ልጅ በተፈጥሮው ከሱሉልታ ልጅ ይፈጥናል የሚል ካለ ይምጣ!

የኛዎቹን እንያቸው። አቡበከር ናስር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ለኢትዮጵያ ቡና መጫወት ጀመረ፤ ከመስመር ተነስቶ ወደ ውስጥ እየሰበረ የሚገባ ልጅ ነው። በ2013 ዓ.ም በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ለመብራት ኃይል ያስመዘገባት የ24 ጎል ክብረ ወሰን 20 ዓመት ቆማ ነበር፤ ሰበራት። ያውም በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ሦስቱ ክለቦች ባልነበሩበት፣ 13 ቡድኖች ብቻ በተሳተፉበት ሊግ፣ ማለትም ጥቂት ጨዋታ ተጫውቶ። በ2014 የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። አገር ሙሉ አብሮት ሄደ ማለት ይቻላል። ከዚያ ጉዳት መጣ፣ ረጅም ጉዳት። ጉዳት የእግዜር ነገር ነው፤ ማንንም አልወቅስበትም። ግን ልጁ ከአገር ሲወጣ 22 ዓመቱ ነበር። ማኔ በዚያ ዕድሜው እንግሊዝ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም የውጭ መልማይ ሳያየው እዚሁ መቀመጡ ነው የሚቆጨኝ።

ቢኒያም በላይ ቀደም ብሎ ወጣ። በ2017 እ.ኤ.አ ገና በ19 ዓመቱ ከንግድ ባንክ ተነስቶ አልባኒያ፣ ስከንደርቡ ገባ፤ ከዚያ ስዊድን ተሻገረ። የወጣበት የንግድ ባንክ የወንዶች ቡድንስ? በዚያው በ2009 ከሊጉ ወርዶ ፈረሰ። ባንኩ ቡድኑን እንደገና አቋቁሞ በ2016 ዓ.ም ዋንጫ በላ። ባንክ ነውና ተነሳ፤ የሠፈር ቡድን ግን አንዴ ከፈረሰ የሚያነሳው የለም። ሱራፌል ዳኛቸው ደግሞ ከፋሲል ከነማ ጋር የ2013ን ዋንጫ አንስቶ፣ ካሜሩን ላይ አፍሪካ ዋንጫ ተጫውቶ፣ አሜሪካ ላውደን ዩናይትድ የገባው በ2024 እ.ኤ.አ ነው። የሃያዎቹን አጋማሽ አልፎ! ክንፍ ሊያረጅ ሲል ነው የኛ ልጅ በረራ የሚጀምረው።

ብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን ያው ነው። በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ «የሜዳችን» ጨዋታ የተደረገው ሊሎንግዌ ነበር። ካፍ ስታዲየሞቻችንን አይመጥኑም ብሎ አግዶ ነው። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ ሜዳው ግብፅን 4 ለ 2 ረቶ ያነሳ አገር፣ ከ60 ዓመት በኋላ ያንኑ ግብፅን ለማሸነፍ ማላዊ ድረስ ሄደ። የገላን ልጅ የትኛውን መስመር እያየ ይደግ?

እንግዲህ ጥያቄዎቼን በስም ላስቀምጥ። የሸገር ከተማ አስተዳደር በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በገላን ያሉትን ሙሉ የኳስ ሜዳዎች ዝርዝር ከነካርታቸው ያውጣልን፤ ስንቱ በይዞታ ተረጋግጧል፣ ስንቱ ለማን ተሰጠ? የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በየከተማው ያሉትን ፕሮጀክቶች እንደ ክለብ የሚመዘግብበትን መንገድ ያሳየን፤ መዝገብ መክፈት ስታዲየም እንደ መገንባት ብር አያስወጣም። በግብራችን የሚኖሩ ክለቦች ደግሞ ባለፈው የውድድር ዘመን ለፊርማ ያወጡትን ብርና ለታዳጊ ያወጡትን ብር ጎን ለጎን አድርገው ያትሙልን። መልስ ያለው ባለሥልጣን ካለ ይህ ዓምድ ክፍት ነው፤ ደብዳቤው ሳይቆረጥ ይወጣለታል።